ሳይቃጠል በቅጠል፦ ፕላስቲክ ሲቆረጥ የሚወጣውን ሽታና ጭስ እንዴት መከላከል ይቻላል?

አሮጌ ጀሪካን በቀላሉ አይጣልም። አንገቱ ተቆርጦ የውኃ መቅጃ፣ ጎኑ ተከፍቶ የችግኝ ማፍያ፣ ታችኛው ክፍሉ ደግሞ የዶሮ መመገቢያ ይሆናል። በከተማም እንዲሁ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ አበባ ይተከልበታል፤ ከቤት ሥራ የተረፈ ቱቦ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይሠራበታል፤ የቴሌቪዥን ማሸጊያ የነበረው ነጭ ፎም በተማሪዎች እጅ የግድብ ወይም የሕንጻ ሞዴል ሆኖ በትምህርት ቤት የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርእይ ላይ ይቀርባል።

ሥራው ጠቃሚ ነው፤ የአሠራሩ ልማድ ግን ችግር አለበት። ብዙ ሰው ፕላስቲክ የሚቆርጠው ቢላዋ ወይም ምስማር በከሰል ላይ አግሎ ነው። የጋለው ብረት ፕላስቲኩን እንደ ቅቤ ይሰነጥቀዋል፤ ወዲያውም የሚከረፋ ጭስ ይነሣል። ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ራስ ይከብዳል። አብዛኛው ሰው ፊቱን አዙሮ ወይም አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ሥራውን ይቀጥላል። ሽታው የፕላስቲክ ጠባይ እንደሆነና መታገሥ እንጂ መፍትሔ እንደሌለው ይታሰባል።

መፍትሔ ግን አለው። እርሱም ከጭንብል ወይም ከመስኮት በፊት የሚጀምረው ከሙቀቱ ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

ፕላስቲክ በተለመደው የአየር ሙቀት ሲቆረጥ ጭስ አያወጣም። በመቀስ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ወይም በእጅ መጋዝ በዝግታ የተቆረጠ ቱቦ የሚያስቸግር ሽታ የለውም። ሽታው የሚመጣው ፕላስቲኩ ሲግል ነው። ፕላስቲክ እጅግ ረጃጅም በሆኑ የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ሰንሰለቶቹ ከመጠን በላይ ሲግሉ ይበጣጠሳሉ። የተበጣጠሱት ትንንሽ ቁርጥራጮች በአየር ላይ ይተናሉ፤ አፍንጫ የሚሸተውም እነርሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ልብ ሊባል ይገባል። የቢጫው ጀሪካን ፕላስቲክ የሚቀልጠው በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በከሰል ላይ የዋለ ቢላዋ ግን ቀልቶ መታየት የሚጀምረው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ የቀላ ቢላዋ ፕላስቲኩን ማቅለጥ ብቻ ሳይሆን ያቃጥለዋል። ከቢላዋው ጫፍ የሚነሣው ሰማያዊ ወይም ነጭ ጭስ የዚህ ምልክት ነው።

በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መሣሪያዎችም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ትንንሾቹ ግራይንደሮች በደቂቃ 11 ሺህ ያህል ጊዜ ይዞራሉ። ብረት ለመቁረጥ የተሠራው ዲስክ ፕላስቲክን ከመቁረጥ ይልቅ በመፋተግ ያቀልጠዋል። የቀለጠው ፕላስቲክ በዲስኩ ላይ ይጣበቃል፣ ይጨሳል፣ ጥሩ ቁርጥም አይሰጥም። የደነዘዘ መጋዝና በፍጥነት የሚሽከረከር መሰርሰሪያም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ግራጫው የፍሳሽ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ፣ የፕላስቲክ ኮርኒስና ብዙ የወለል ምንጣፎች ከእርሱ ይሠራሉ። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 57 በመቶ ያህሉ፣ ክሎሪን ነው። ፒቪሲ ሲግል ይህ ክሎሪን ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጋዙ ከዓይን፣ ከአፍንጫና ከሳንባ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ወደ አሲድ ይለወጣል። ሰውን የሚያስለውና የሚያስነባው ይኸው ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል ደግሞ ዳዮክሲን የተባሉ፣ በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዞች ሊፈጠሩ ይችላሉ።

ጀሪካን፣ ፌስታልና ጥቁሩ የመስኖ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊኢቲሊን የተሠሩ ናቸው። በመጠኑ ሲግሉ የሻማ ሽታ ያወጣሉ። ከመጠን በላይ ሲግሉ ግን ከጭሳቸው ጋር ዓይንንና ጉሮሮን የሚያቃጥሉ እንደ ፎርማልዴሃይድ ያሉ ጋዞች ይወጣሉ። የማዳበሪያ ጆንያ የሚሠራበት ፖሊፕሮፕሊንም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው።

ነጩ ፎም የተሠራበት ፖሊስታይሪን ሲግል ስታይሪን የተባለ ተን ያወጣል። ተኑ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስታይሪንን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ለማስታወቂያ ሰሌዳና ለዋንጫ የሚያገለግለው፣ መስታወት የሚመስለው አክሪሊክ ደግሞ ሲግል የሚሰነፍጥና ጣፋጭነት ያለው ሽታ ይሰጣል። ይህም ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ይቆጠቁጣል።

የፍራሽ ስፖንጅ በእሳት መቁረጥ ፈጽሞ የማይሞከር ነው። ሲቃጠል ከሚወጡት ጋዞች መካከል ገዳዩ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይገኝበታል። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጩ ቴፍሎንም ከባድ ሙቀት ሲነካው የሚወጣው ጭስ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያስከትላል። ሕመሙ ጉንፋን ወይም ወባ ሊመስል ይችላል። አእዋፍ ለዚህ ጭስ እጅግ ስሱ በመሆናቸው ዶሮዎች ባሉበት ቤት ውስጥ አደጋው ይብሳል።

ዓይነቱን መለየት

ከመቁረጥ በፊት ዕቃው ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይበጃል። በብዙ የፕላስቲክ ዕቃዎች ግርጌ በሦስት ማዕዘን ቀስቶች መካከል የተጻፈ ቁጥር አለ። 1 ቁጥር የውኃና የለስላሳ ጠርሙስ ፕላስቲክ ነው፤ 2 ቁጥር ጠንካራው የጀሪካን ፕላስቲክ፣ 3 ቁጥር ፒቪሲ፣ 4 ቁጥር ለስላሳው የፌስታል ፕላስቲክ፣ 5 ቁጥር ፖሊፕሮፕሊን፣ 6 ቁጥር ፖሊስታይሪን ነው። 7 ቁጥር ሌሎቹን ሁሉ ያጠቃልላል። ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ ጥራቱን ወይም ደኅንነቱን አያመለክትም።

ቁጥር የሌለው ዕቃ በውኃ ሊፈተሽ ይችላል። ከዕቃው ጥፍር የምታህል ቁራጭ በቢላዋ ተነሥታ፣ ጥቂት ሳሙና በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ትጠመቃለች። ሳሙናው የሚያስፈልገው በቁራጯ ላይ የሚጣበቁት የአየር አረፋዎች እንዳያንሳፍፏት ነው። የጀሪካን፣ የፌስታልና የፖሊፕሮፕሊን ቁራጭ ይንሳፈፋል። ፒቪሲ፣ የውኃ ጠርሙስና አክሪሊክ ይሰምጣሉ። ነጩ ፎም በውስጡ አየር ስላለው ስለሚንሳፈፍ ይህ ፈተና ለእርሱ አያገለግልም። ከዚህ የሚወሰድ ቀላል ሕግ አለ፦ የሰመጠና ዓይነቱ ያልታወቀ ፕላስቲክ በእሳት አይነካ። ለመለየት ሲባል ቁራጩን በክብሪት አቃጥሎ ማሽተት ግን ሊያስቀሩት የተፈለገውን አደጋ በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ሳያግሉ መቁረጥ

ጀሪካን በእሳት መቆረጥ የለበትም። መጀመሪያ የሚቆረጥበት መሥመር በእስክሪብቶ ይሰመራል። ከዚያ ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ይቆያል፤ ወይም ሙቅ ውኃ ተሞልቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ፕላስቲኩ ሳይቀልጥ ይለሰልሳል። ውኃው ከተደፋ በኋላ በመሥመሩ ላይ በመሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ ተበስቶ ከዚያ በጠንካራ መቀስ ወይም ጥርሱ በተሳለ ትንሽ መጋዝ ይቀጠላል። ቢላዋ የሚጠቀም ሰው ስለቱን ከሰውነቱ ወደ ውጭ መግፋት እንጂ ወደ ራሱ መሳብ አይገባውም። ሻካራው ጠርዝ ውኃ በነካው ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። እርጥበቱ ብናኙ እንዳይነሣ ይረዳል።

ለችግኝ ማጠጫ የሚሆኑ ትንንሽ ቀዳዳዎችም የጋለ ምስማር አይፈልጉም። ከፕላስቲኩ ሥር ጣውላ አስደግፎ ያልጋለ ምስማር በመዶሻ መምታት ወይም በእጅ መሰርሰሪያ መብሳት ይበቃል።

የፒቪሲ ቱቦ በእጅ መጋዝ፣ በዝግታ፣ ከተቻለም ጥቂት ውኃ እየተንጠባጠበበት ይቆረጣል። ቱቦው ሞርሳ ላይ ወይም በሁለት ጣውላ መካከል ቢጠበቅ ሥራው ይቀላል። ለቱቦ መቁረጫ የተሠራ መቀስ የሚመስል መሣሪያም አለ፤ ብናኝ እንኳ አይተውም። ቱቦን በእሳት አለስልሶ ማጠፍ በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ጤናማ አይደለም። መታጠፊያው ከገበያ ተገዝቶ በማጣበቂያ ቢገጠም ይሻላል። የማጣበቂያውም ተን ኃይለኛና ተቀጣጣይ ስለሆነ የሚሠራው አየር በሚገባበት፣ እሳት በሌለበት ቦታ ነው።

ቀጭን አክሪሊክ መጋዝ ሳያስፈልገው ሊቆረጥ ይችላል። ማስመሪያ ተደርጎ በስለታም ቢላዋ በአንድ መሥመር ላይ ደጋግሞ ይጫራል። ጭረቱ በቂ ጥልቀት ሲያገኝ መሥመሩ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ተገጣጥሞ ወደ ታች ሲጫኑት እንደ መስታወት ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ጭስም ሽታም የለውም። ስንጥሩ ወደ ዓይን እንዳይገባ ግን መነጽር ያስፈልጋል።

ነጩን ፎም ረጅም፣ ስስና በጣም የተሳለ ቢላዋ ይቆርጠዋል። ስለቱ በደረቅ ሳሙና ወይም በሻማ ቢታሽ ሳይፈረፍር ያልፋል።

ማጋል ግድ ሲሆን

አንዳንድ ሥራ ያለ ሙቀት አይሆንም። የናይለን ገመድ ጫፍ እንዳይተረተር በእሳት ይነካል፤ የቤት ውኃ መሥመር ቱቦዎች በልዩ መሣሪያ ግለው ይጋጠማሉ፤ ውስብስብ ቅርጽ ያለው የፎም ሞዴል በጋለ ሽቦ ይቆረጣል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው መመሪያ ሥራውን ሊሠራ የሚችለውን ዝቅተኛ ሙቀት መጠቀም ነው። ሽቦው መቅላት የለበትም። ፎሙን በዝግታ እያቀለጠ ሲያልፍ የሚታይ ጭስ ከሌለ ልኩ ነው፤ ከጨሰ ሙቀቱ በዝቷል።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደጅ፣ ከልጆችና ከማብሰያ ቦታ ርቆ መሥራት ነው። ነፋስ ከፊት ቢመጣ ጭሱን ወደ ፊት ያመጣዋል። ከጀርባ ቢመጣም በሰውነት ዙሪያ ይሽከረከርና ጭሱን ወደ አፍንጫ ይመልሰዋል። ስለዚህ ነፋሱ ከጎን እንዲያልፍ አድርጎ መቀመጥ ይመረጣል።

በቤት ውስጥ መሥራት ግድ ከሆነ አንድ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም። ንጹሕ አየር የሚገባበትና ጭሱ የሚወጣበት ሁለት ቀዳዳ፣ ለምሳሌ ትይዩ የሆኑ በርና መስኮት፣ ያስፈልጋሉ። ማራገቢያ የሚተከለው ጭሱን ወደ ውጭ እንዲያወጣ እንጂ በክፍሉ ውስጥ እንዲያዞረው አይደለም። ርቀቱም ወሳኝ ነው። ጭስ የሚስብ ቱቦ አፉ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ከአፉ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲርቁ የመሳብ ፍጥነቱ ወደ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መሳቢያው ከሚቆረጠው ዕቃ አጠገብ ካልሆነ ጥቅሙ እጅግ ያንሳል።

በሌዘር ማሽን የሚሠሩ የማስታወቂያና የስጦታ ዕቃ መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ የተለየ ዕድል የላቸውም። አክሪሊክ በጥሩ ጭስ ማውጫ ሊቆረጥ ይችላል። ፒቪሲ ግን በሌዘር አይቆረጥም፤ የሚወጣው አሲዳማ ጋዝ ሠራተኛውን ከመጉዳቱም በላይ የማሽኑን ብረት ያዝገዋል።

ጭንብል፣ ነጠላና ወተት

በአፍና አፍንጫ ላይ የሚታሰር ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም የሕክምና ጭንብል ጋዝ አያስቆምም። ኤን 95 የተባለው ጭንብል እንኳ የሚያጣራው ብናኝን ነው፤ በአየር የተበተነ ጋዝ በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ጭንብሉ መጋዝና ብርጭቆ ወረቀት ለሚያስነሡት ብናኝ ይጠቅማል፤ ለጭሱ ግን አይበቃም። ጋዝ የሚይዘው ልዩ ከሰል የተሞላ ማጣሪያ ያለውና ፊት ላይ በጥብቅ የሚገጥም ጭንብል ነው። እርሱም ቢሆን ለጋዙ ዓይነት የተሠራ መሆን አለበት፤ ጢም ካለ በጎን ያሾልካል፤ ማጣሪያውም ዘመን አለው። በሥራ ላይ ሽታ መሰማት ከጀመረ ማጣሪያው አልቋል ወይም በደንብ አልተገጠመም ማለት ነው።

ቀለም ቀቢዎች፣ ብየዳ ሠራተኞችና ሌሎችም ከሥራ በኋላ ወተት የመጠጣት ልማድ አላቸው። ወተቱ የተሳበውን ጭስ ጠርጎ ያወጣል ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ፣ ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው፤ መንገዳቸው አይገናኝም። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ የጭስ መድኃኒት ግን አይደለም። ጉዳቱ የሚከፋው ወተቱን ተማምኖ ጥንቃቄ የተተወ እንደሆነ ነው።

አፍንጫም ሙሉ በሙሉ የሚታመን ጠባቂ አይደለም። በአንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት የቆየ ሰው ይለምደውና መሽተቱን ያቆማል፤ ጋዙ ግን አልጠፋም። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ጭራሽ ሽታ የለውም። በዝግ ቤት ውስጥ በከሰል ምክንያት ሰው የሚሞተውም በዚሁ ጋዝ ነው።

ፈጽሞ የማይነኩ ዕቃዎች

የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ለማንኛውም የቤት አገልግሎት መቆረጥ የለበትም። መድኃኒቱ በፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ በእጥበት ብቻ አይለቅም። በጋለ ብረት ሲነካም መርዙ ከጭሱ ጋር ይወጣል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦና እጣቢው በመርጫው ውስጥ ተመልሶ፣ ዳግመኛ እንዳያገለግል ተበስቶ፣ አወጋገዱ በዕቃው ላይ በተጻፈው መመሪያና በግብርና ባለሙያ ምክር ይፈጸማል። ቤንዚን ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካንም ባዶ ቢመስል በውስጡ የቀረው ተን በጋለ ብረት ሊፈነዳ ይችላል።

ከሥራው የተረፈው ቁርጥራጭም ወደ ምድጃ አይግባ። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታልና የፕላስቲክ ስባሪ መጠቀም በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ጭሱን የሚስቡት ግን ምድጃው አጠገብ የሚቀመጡት እናቶችና በአቅራቢያቸው ያሉ ሕፃናት ናቸው። ቁርጥራጩ ተሰብስቦ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መወገድ ወይም ፕላስቲክ ለሚሰበስቡ መሰጠት ይገባዋል።

ጉዳት ሲደርስ

ጭሱ ያስቸገረው ሰው ሥራውን ወዲያው አቁሞ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት አለበት። የተቃጠለ ዓይን በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። የቀለጠ ፕላስቲክ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ በጉልበት አይነቀልም፤ ቦታው ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ውኃ ይያዛል። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀባም።

ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ሳል፣ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ከታየ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። አንዳንድ ጋዞች ሳንባን የሚጎዱት ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ፣ ቀን ላይ የተሻለው ሰው ሌሊት ሊብስበት ይችላል። ለሐኪሙ የትኛው ፕላስቲክ እንደተቃጠለ መንገር ሕክምናውን ያግዛል። አስም ያለባቸው ሰዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ከመጀመሪያውም ከሥራው ቦታ መራቅ አለባቸው።

አሮጌ ዕቃን ለአዲስ አገልግሎት ማዋል ገንዘብም ይቆጥባል፣ ቆሻሻም ይቀንሳል። ለዚህ በጎ ሥራ ጤናን መክፈል ግን አያስፈልግም። ስለታም መቀስ፣ ጥሩ መጋዝና ጥቂት ትዕግሥት የጋለውን ቢላዋ ይተካሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የፕላስቲክን ጭስ ለመከላከል ቀላሉ ጊዜ ጭሱ ከመነሣቱ በፊት ያለው ነው።